«ዩ»፦ ከካብ ሥር የተጀመረ ጥናት

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የጉና ብርድ ከበጋ እስከ ክረምት ጋቢ በማያስጥልበት በገሳይ አካባቢ፣ የውጭ አገር ሰው በእግሩ ሲያልፍ አንድ ድምፅ ይሰማል። ድምፁ «ዩ» ነው። እንግሊዞች በሦስት ፊደል የሚጽፉትን እኛ በአንድ ፊደል፣ ያውም በካዕብ፣ ጨርሰነዋል። ስለ አካባቢው ድንች፣ ስለ ገብሱና ስለ አፈሩ መሸርሸር የሚያጠና ሰው መኪናውን አስነሥቶ ሲመላለስ እናያለን። ሁሉም መስኮት ዝቅ አድርገው «ዩ»ን ይሰማሉ፤ መስኮታቸውን ዘግተው ወደ ድንቹ ይሄዳሉ። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ያን መስኮት መልሶ ለመክፈት ነው።

አጥኚው ለጉዳዩ ባዳ አይደለም። ከሰባት ዓመቱ እስከ አሥራ አንድ ዓመቱ በሙሉ ጊዜ ተሰማርቶበታል። በግም ይጠብቅ ነበር፤ እሱ ግን የትርፍ ሰዓት ሥራው ነበር። ኋላ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆነ፤ ቀጥሎ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ቻይና አገር፣ ቲያንጂን ከተማ ወረደ፤ እዚያም በተራው ተጠራ። ወንጭፉንም ያነሣ፣ ድንጋዩም የመታው ሰው ስለ ወንጭፍ ቢጽፍ ያምርበታል።

የ«ዩ»ን አመጣጥ በሚመለከት ሦስት ወገን አለ። አንደኛው ወገን ከጋፋት ያነሣዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሰፈሯቸው ሚሲዮናውያን ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው መድፍ እንዲሠሩ ታዘዙ፤ ሴባስቶፖልም ከእጃቸው ወጥቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ድረስ ተጎተተ። ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ያልተቀጠረበትን ሲሠራ የሚከርም መምህር በአገራችን ከዚያ ጀምሮ አልጠፋም። ነገር ግን ሰዎቹ በአብዛኛው ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። ደግሞም ሰባ ኩንታል ገደማ ብረት ዳገት የሚያወጣ ሕዝብ «እናንተ!» ይላል እንጂ አንዱን ነጥሎ «አንተ» አይልም። ይህ ወገን ተረትቷል።

ሁለተኛው ወገን የሰላም ጓድን ይጠራል። በ1955 ዓ.ም. ወጣት አሜሪካውያን አስተማሪዎች መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ሲበተኑ አፋቸውን የሚከፍቱት «ሀው አር ዩ» ብለው ነበር። ሁለቱ ቃላት ዳገቱን አልወጡም፤ ሦስተኛዋ ወጣች።

ሦስተኛው ወገን አባቴ ነው። ይህን ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናዎች ናቸው፤ ስሙም እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ነው። አባቴ ያኔ ድንጋይ ይፈልጥ ነበር። እሱ እንደሚለው የሰፈሩ ልጆች ቻይናዎቹን በእንግሊዝኛ ይጠሯቸዋል፣ ቻይናዎቹ በቻይንኛ ይመልሳሉ፣ ሁለቱም ወገን የእንግሊዝኛ ጨዋታ እንደ ተጫወተ አምኖ ይለያያል። ጥናቱ ይህን ሦስተኛውን ወገን ይደግፋል። ምክንያቱ ሳይንሳዊ አይደለም፤ አባቴ ሲያወራው ደስ ስለሚል ነው።

ወደ አመዳደቡ እንለፍ። ዜማን በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ መክፈል ከቅዱስ ያሬድ የወረስነው ሥርዐት ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕቷን ዙር አባን በጎረቤት ይዞ ሌላ መስፈርት መበደር ነውር ይሆናል። ስለዚህ «ዩ»ም በዚሁ ተከፍሏል።

ግእዝ ዩ ደረቅና አጭር ነው። ከብት የሚነዳ ልጅ ከቅርብ ይጥለዋል፤ በሬውን «ና ውጣ» ካለበት ድምፅ ብዙም አይለይም። ፈረንጁ ቢመልስም ባይመልስም ግድ የለውም፤ በሬውም አይመልስለትም። ዕዝል ዩ የጉባኤ ነው። ከትምህርት ቤት በስድስት ሰዓት የሚለቀቁ ልጆች አንዱ ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለ ይሉታል፤ መሪም ተመሪም አለው። ሊ ያንግ የሚባል ቻይናዊ እንግሊዝኛን በአደባባይ እየጮኹ መማር የሚባል ዘዴ አውጥቶ፣ «እብድ እንግሊዝኛ» ብሎ ሰይሞት፣ ስታዲየም እየሞላ ሲያስተምር ስሙ ገንኗል። ገሳይ ያለ ስታዲየምና ያለ ክፍያ ስትሠራበት የኖረች ናት። አራራይ ዩ ደግሞ ከማዶ ተረተር የሚመጣው ነው፤ «ዩዩዩዩ» እያለ ሸለቆውን ይሻገራል። መንገደኛው ቀና ሲል ከገብሱ መካከል ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ያያል። ነጥቧ እጇን ታነሣለች። እኔ በዚህ ዜማ ሆዴ ይባባል፤ ይህ ግን በጥናት ውስጥ የሚጻፍ ነገር አይደለም።

«ዌር አር ዩ ጎ» የተባለው ረጅሙ ዝርያ ለብቻው መጽሐፍ ስለሚወጣው አልነካውም። ፈረንጆቹ ጥያቄ መስሏቸው ካርታ ያወጣሉ። በእኛ መንገድ «ወዴት ነው?» የተባለ ሰው «እዚህ ድረስ» ብሎ ያልፋል፤ ጠያቂውም በቂ መልስ አግኝቶ ይሄዳል።

ከሦስቱም ዜማ ያልገባ አንድ ዝርያ ቀርቷል። ስሙን የካብ ዩ ብዬዋለሁ፤ ብዕር ያስነሣኝም እሱ ነው።

የካብ ዩ ሰውየው ካለፈ በኋላ ከድንጋይ ካብ ጀርባ የሚባል ነው። የሚባልበት ጊዜ የተወሰነ ነው፦ መንገደኛው ካቡን አልፎ ሃያ እርምጃ ያህል ሲሄድ። አሥር ላይ ቢባል ልጁ ይታያል፤ ሠላሳ ላይ ቢባል ሰውየው አይሰማም። የካቡ ቁመትም ለአገጭ የሚደርስ መሆን አለበት፤ ዝቅ ካለ አይደብቅም፣ ከፍ ካለ ዘሎ ለማየት ጉልበት ይፈልጋል። የእኛ ካብ ከገብሱ ማሳ ፊት ለፊት ነበር። ከሥሩ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ድንጋይ ወድቃ ቀዳዳ ትታለች። አጥኚው — እስቲ «አጥኚው» ይቅርና — እኔ በሆዴ ተኝቼ ዓይኔን በዚያ ቀዳዳ እሰካለሁ። ጫማው ሲያልፍ አያለሁ፤ ከዚያ ካልሲው፣ ከዚያ የዱላው ጫፍ። ትንፋሼን ይዤ እርምጃ እቆጥራለሁ። ሃያ ሲሞላ ብድግ፣ «ዩ!»፣ ድፍት። ጉልበቴ ሁልጊዜ ይላጣል። ፈረንጁ ይዞራል። የሚያየው ካብ ነው፣ የገብስ ማሳ ነው፣ የታሰረች አህያ ናት። ሌላ ሰው ስላጣ እጁን ለአህያዋ ያውለበልባል። በገሳይ ታሪክ የዚያን ያህል የባሕር ማዶ ሰላምታ የተቀበለ ፍጡር ያለ አይመስለኝም።

ሰውን ጠርቶ መደበቅ ምን ይባላል የሚል ይኖራል። መልሱን አንድምታ ትስጠው። «ዩ» አለ ሕፃኑ። ምን ማለቱ ነው ቢሉ፣ አንተ ማለቱ ነው። አንድም፣ አየሁህ ሲል ነው። አንድም፣ አንተ ግን አላየኸኝም ሲል ነው። አንድም፣ ተምሬአለሁ ሲል ነው። አንድም፣ እስክሪብቶ ይኖርሃል ወይ ሲል ነው፤ ይህን የሚያጸኑ ብዙ ናቸው።

ይህ ሁሉ ሰሙ ነው። ወርቁን ያገኘሁት ብዙ ዘግይቼ ነው። በአገራችን አንድ ልጅ ሰው ከመጥራቱ በፊት የሚሠራው ሒሳብ አለበት። አንተ ይባላል? አንቺ? እርስዎ? አንቱ? ሰውየው ከአባቴ ይበልጣል ያንሳል? ቄስ ነው መሪጌታ? የክርስትና አባቴ ወንድም ይሆን? ሒሳቡን የሳተ ልጅ ጥፊ ይቀምሳል፤ ጥፊውም ከማንኛውም አላፊ አግዳሚ ሊመጣ ይችላል፣ የልጅ ጥፊ የጋራ ነውና። እንግሊዝኛ መጣና ለንጉሡም ለእረኛውም ለአህያዋም አንድ «ዩ» ሰጠን። የሰባት ዓመት ልጅ ሽበታሙን መንገደኛ ፊት ለፊት — ማለቴ ከኋላ — «አንተ!» ብሎት ጉንጩ ሳይነካ ማታ እራቱን ይበላል። የሚደበቀው ለዚህ ነው። ጸያፍ እንደ ተናገረ ያውቃል፤ በየትኛው ቋንቋ እንደማይቆጠርም ያውቃል።

ማስረጃ አለኝ። አንድ ቀን ዱላ የያዘች ፈረንጅ ጥሪዬን ሰምታ አህያዋን አለፈችና በቀጥታ ወደ ካቡ መጣች። ከላይ አዘንብላ አየችኝ፤ እኔ በሆዴ እንደ ተኛሁ ነኝ። «አንተ፣ ስምህ ማን ነው?» አለችኝ፣ በጠራ አማርኛ። ያን ያህል ደንግጬ አላውቅም። «ፋይን ቴንኪዩ!» ብዬ በጎቹን ጥዬ ሮጥሁ።

አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነገሩን ለማረም ሞክሬአለሁ። ሰሌዳው ላይ «ኤክስኪውዝ ሚ፣ ሰር» ብዬ ጻፍኩ። ልጆቹ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ገለበጡ፤ ፈተና ላይ ከአሥር አሥር አገኙ፤ በስድስት ሰዓት ደወል ተደወለ፤ ከአጥሩ ውጭ «ዩ!» አሉ፣ በዕዝል። እኔም ብሆን በጥሩ አልተማርኩም። እንግሊዝኛዬ የፕላዝማ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ በየሁለተኛ ደረጃው በተተከለው ቴሌቪዥን የምትመጣው መምህር ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ትንሽ ዝም ትላለች፣ ብንመልስም ባንመልስም «ዌል ዳን!» ትለናለች። በሕይወቴ እንደሷ ያመነብኝ ሰው የለም።

ያ ትምህርት የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ነበር። ይህ ነገር ቲያንጂን ላይ ትርጉም አገኘ። ቻይና እንግሊዝኛ ለማስተማር የሥራ ፈቃድ ስትሰጥ በተለምዶ የምትቆጥራቸው አገሮች ሰባት ናቸው፦ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒው ዚላንድ፣ ሰባተኛዋም ደቡብ አፍሪካ። የፕላዝማዋ መምህር ቲያንጂን ብትወርድ ፈቃድ ይወጣላታል። እሷ «ዌል ዳን» ያለችኝ እኔ ግን የተማሪ ቪዛ የያዝኩ የገሳይ ሰው ነኝ። ስለዚህ የማስተማር ሥራዬ በገንዘብ ሳይሆን በእንቁላል ተፈጸመ።

ከማደሪያችን በር ላይ አንዲት ሴት ጠዋት ጠዋት ጂየንቢንግ ትጋግር ነበር። የማሾ ዱቄት ሊጡን ክብ የጋለ ብረት ላይ ትደፋና በእንጨት ዙሪያውን ትዘረጋዋለች፤ ላዩ ላይ እንቁላል ትሰብራለች። ምጣድ የናፈቀው ሰው ሳይርበውም ይሰለፋል። ከፍዬ፣ ተቀብዬ፣ ሃያ እርምጃ ያህል እንደ ሄድኩ ከኋላዬ «ሃሎ!» የሚል ድምፅ መጣ። ዞርኩ። ጋሪው አለ፣ እናትየው አለች፣ ሌላ ሰው የለም። እዚያ ካብ የለም፤ የእናት ቀሚስ ግን አለ።

ተመልሼ ከላይ አየሁት። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። በቻይንኛ ስሙን ጠየቅሁት። «ፋይን ቴንኪዩ! ኤንድ ዩ?» አለኝ። ከፈረንጆቹ 1990 ጀምሮ ሊ ሌይና ሃን ሜይሜይ የሚባሉ ሁለት ልጆች ባሉበት የመማሪያ መጽሐፍ ትውልድ ያለፈበት መልስ ነው፤ የታመመም የሞተበትም ይህንኑ ይላል። ለእኛ አገር ሰው ይህ ምን ይገርመዋል? እኛም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለን ነው ሆስፒታል እንደ ተኛን የምንናገረው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ እንቁላል ይጨመርልኝ፣ እኔም ወረፋው እስኪደርስ ልጁን አስተምር ጀመር። ሕጉ ስለ እንቁላል የሚለው ያለ አልመሰለኝም። ሦስተኛው ቀን ላይ ልጁ አንድ ጥያቄ ይዞ መጣ። በቋንቋቸው «ኒ» አንተ ነው፣ «ኒን» እርስዎ ነው።

«ኒ በእንግሊዝኛ?»

«ዩ።»

«ኒንስ?»

«ዩ።»

አላመነኝም። ባለሱቅ ደህናውን ዕቃ ከሥር ደብቆ እንቢ ያለው ይመስል ዓይን ዓይኔን አየኝ። ደግሞ ጠየቀ፤ ደግሜ «ዩ» አልኩት። ቀስ ብሎ ፊቱ ፈካ። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ ከሥር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ባለች ቀዳዳ በኩል የሚያይ ልጅ ፈገግታ ነው። ከኋላዬ የተሰለፉትን አንድ በትራቸውን የተደገፉ ሽማግሌ አሻግሮ አየና፣ ከእናቱ ቀሚስ ጀርባ ገብቶ፣ «ዩ!» አላቸው። እናቱ እንግሊዝኛ ስለማታውቅ ጥፊ አልነበረም። ሽማግሌው «ሃሎ» አሉ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው። እኔ እንቁላሌን ተቀበልኩ።

ስመለስ ከደብረ ታቦር በሚኒባስ ገሳይ ወርጄ፣ የክረምት ጃኬት እንደ ለበስኩ፣ ባለ ጎማ ሻንጣዬን በኮረኮንቹ ላይ እያንገጫገጭኩ ወደ ቤት አቀናሁ። ቀዳዳዋ አልተደፈነችም። ካባችንን አልፌ ሃያ ያህል እርምጃ ስሄድ ከኋላዬ «ዩ!» ተባለ። ዞርኩ። ካብ፣ ገብስ፣ አህያ። ከየትኛው ዝርያ እንደሚመደብ ለመወሰን ቆሜ ሳለሁ ከማሳው ማዶ የሴት ድምፅ ወጣ፦

«አንተ ስድ! የጎረቤታችን ልጅ እኮ ነው! ታላቅህን እንዲህ ነው የምትጠራው? አያ አትልም!»

ዝም ሆነ። ከዚያ ካቡ ላይ ግማሽ ጭንቅላት ወጣ።

«አያ ዩ!»

«ፋይን ቴንኪዩ» አልኩት።