ከእድሩ ድንኳን እስከ ሎጁ ድንኳን

አዲስ አበባ፣ ጎሮ ላይ ቅዳሜ ረፋዱን ከሱፐርማርኬት የሚወጣ ሰው እጁ ባዶ አይሆንም። በአንዱ እጁ ዘይትና ፓስታ ያለበት ፌስታል፣ በሌላው ሳያስበው የተቀበለው ባለቀለም ወረቀት ይኖራል። ወረቀቱ ላይ ሐይቅ አለ፤ ሐይቁ ዳር ድንኳን አለ፤ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ሲኒ ይዛ የምትስቅ ሴት አለች። የቤት ኪራይ የሌለባት፣ ውሃም በፈረቃ የማይመጣባት ሴት ናት የምትመስለው። ወረቀቱን የሚያድሉት ወጣቶች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው «ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ!» ይላሉ። ጋሼም ይቆማሉ። ደቂቃዋ ሰዓት ትሆንና ጋሼ ለፓስታ ወጥተው የሎጅ አባል ሆነው ይመለሳሉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። የዓመቱ ክፍያ በአንድ ጊዜ ይከፈላል፤ በምትኩ ፎቶ ያለበት ካርድ ይሰጣል። ካርዱ መዋኛ ያስገባል፣ ስቲም ያስገባል፣ ቁርስ ያበላል፣ ምግብ ላይ ቅናሽ ያስደርጋል፤ ሐይቅ ዳርም ድንኳን ተክሎ ማደር ይቻላል። ደረጃም አለው፤ ሲልቨር፣ ጎልድ፣ ፕላቲኒየም። በጎልድና በፕላቲኒየም መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደሆነ አጥብቆ የጠየቀ ሰው «ፎጣ» የሚል መልስ ማግኘቱን ሰምቻለሁ። ያንን ፎጣ ሳላየው አልሞትም።

ጎሮ ለዚህ ገበያ የተመቸች ሰፈር ናት። በ2007 መጀመሪያ ላይ የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሳው ከቱሉ ዲምቱ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ለጎሮ ሰው ጓሮው ነው። ሎጁ ያለባት ቢሾፍቱም በዚሁ መንገድ ናት። «ቢሾፍቱ ከፒያሳ ይቀርበኛል» የሚል የጎሮ ነዋሪ ካጋጠማችሁ በኪሎ ሜትር ቢዋሽ እንጂ በሰዓት አይዋሽም። መንገዱ እንዲህ ቀርቦ፣ ሶደሬ ከአዳማ አለፍ ብሎ እያለ፣ ላንጋኖም ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ፣ አባል አለመሆን ራሱ ኪሳራ ይመስላል። መውጫ አጠገብ የሚኖር ሰው ሁልጊዜ የሚወጣ ይመስለዋል።

በምኖርበት ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያሉት ባልና ሚስት ነገሩን በሚገባ አስተምረውኛል። ባልየው ሒሳብ ሳይሠራ ገባበት ብላችሁ እንዳታሙት። ለውጭ ሰው አንድ ሌሊት ስንት እንደሆነ ጠየቀ፤ በዓመቱ ውስጥ ባሉት ሃምሳ ሁለት ቅዳሜዎች አባዛው፤ ከዓመት ክፍያው ጋር ሲያስተያየው ትርፉ ራሱን አስደነገጠው። «እነዚህ ሰዎች ሊከስሩ ነው» ብሎ አዘነላቸው።

ሚስትየው ማድቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የባንክ ካላንደር አውርዳ እስክሪብቶ ያዘች። መጀመሪያ ክረምቱን ሰረዘች፤ በሐምሌ ጭቃ ድንኳን ውስጥ ማን ያድራል? ጥርን ሰረዘች፤ የሰርግ ወር ነው፣ በሁለቱም ወገን የሚያገባ የአጎት ልጅ አይጠፋም። ከፋሲካ ማግስት ያሉትን ሳምንታት በዚያው ምክንያት ሰረዘች። ዐቢይ ጾም ላይ ስትደርስ ባልየው «ጾም ደግሞ ሎጅ ይከለክላል እንዴ?» አለ። «ጾሙ አይከለክልም፤ በካርዱ የምታገኘው ቁርስ ግን እንቁላልና ቅቤ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ዳቦ በሻይ ልትበላ ነው ቢሾፍቱ ድረስ የምትወርደው?» አለችው። የነቢያት ጾምም በዚሁ አለፈ። ከዚያ የእድሩ ስብሰባ የሚውልባቸው እሁዶች፣ የማርያም ማኅበር፣ ክርስትና፣ ተስካር፣ የልጆች ፈተና። ሳይሰረዙ የቀሩት ቅዳሜዎች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ሆኑ፤ ከነሱም በአንዱ ላይ «ቧንቧ ሠራተኛው ይመጣል» ተብሎ ቀድሞ ተጽፎበታል።

ባልየው ካላንደሩን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ በማግስቱ ሄዶ ጎልዱን ገዛ።

ለምን ሲባል «ገንዘቡ ከወጣ ግድ ይለናል፤ እንሄዳለን» ነው ያለው። በዚህ እምነት ብቻውን አይደለም። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪኬ ማልመንዲየር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ባሉ ሦስት ጂሞች የ7,752 አባላትን መዝገብ መርምረው በ2006 እ.ኤ.አ. ጥናት አሳትመዋል። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት አባላት የሚመጡት በአማካይ በወር 4.3 ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሲካፈል ለአንዷ ቀን ከ17 ዶላር በላይ መሆኑ ነው። የአስር ቀን ቲኬት የሚገዛ ሰው ግን በዚያው በር ለአንዱ ቀን በ10 ዶላር ሒሳብ ይገባ ነበር። አባልነታቸውን የሰረዙትም ቢሆኑ ለመጨረሻ ጊዜ ከመጡ በኋላ በአማካይ ከሁለት ወር በላይ ዝም ብለው ከፍለዋል። ይህ እንግዲህ ተስካር፣ ማኅበርና የአጎት ልጅ ሰርግ በሌለበት አገር ነው፤ እዚያ ያሉትን ሐበሾች ሳይጨምር።

ሌላው የአሜሪካ ወሬ የመጣው ደግሞ ዴንቨር ካለው የሚስትየው ወንድም ነው። «እኛ እኮ በ80 ዶላር ዓመቱን ሙሉ የፌዴራሉ ፓርክ ሁሉ ይከፈትልናል» አላቸው በስልክ። እውነቱን ነው። ዬሎስቶን በመኪና መግቢያው 35 ዶላር ስለሆነ፣ ሦስተኛው ጉዞ ላይ ካርዱ ዋጋውን መልሷል። በግል የካምፕ ቦታዎችም አባልነት የቆየ ንግድ ነው፤ ታውዘንድ ትሬይልስ የሚባለው ድርጅት በዋሽንግተን ግዛት የጀመረው በ1969 እ.ኤ.አ. ነበር። ወንድምየው ያልነገራቸው እዚያ ከአባልነቱ በደንብ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ነው፦ ጡረታ ወጥቶ፣ አልጋና ማድቤት ያለው መኪና ገዝቶ፣ ከካምፕ ካምፕ እየዞረ የሚኖር ሰው። የኛ ሰው ጡረታ ሲወጣ ኮሚቴ ይመረጣል።

አንድ ክርክር ብቻ ትንሽ አስቁሞኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ ያየ ሰው ሁሉ ብር ይዞ መቀመጥ ይፈራል። «ዛሬ ከፍዬ ነገ ብጠቀም ምን አጠፋሁ? ዋጋው መጨመሩ አይቀር» ይላል ጎረቤቴ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ የውሉ ገጽ ሦስት ባይኖር። እዚያ በጉንዳን ፊደል «ድርጅቱ እንደ አስፈላጊነቱ የአገልግሎት ዋጋ ማሻሻያ ሊያደርግ ይችላል» ይላል። ዝቅ ብሎ፦ «አገልግሎቱ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ነው፤ በቅዳሜ፣ እሁድና በበዓላት ቀን ክፍት ቦታ ሲኖር ብቻ ይስተናገዳል።» ሃምሳ ሁለቱ ቅዳሜዎች በአንድ አረፍተ ነገር አለቁ። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። መረጃው ይኸው ተሰጥቷል፤ ገጽ ሦስት ላይ ተኝቷል።

ከዚያው ገጽ ግርጌ ላይ ሌላም ነበር። ካርዱ መትከያ ቦታ እንጂ ድንኳን አይሰጥም።

ባልየው መርካቶ ወርዶ ሰማያዊና ቢጫ ድንኳን ገዛ፤ ሲታጠፍ ከትከሻ ቦርሳ የማይበልጥ፣ ሲዘረጋ ለአራት ሰው ይበቃል የተባለ። ከመሄዱ በፊት ልሞክረው ብሎ ግቢ ውስጥ ዘረጋው። ግቢው ኮብልስቶን ነው፤ ችካል አይገባበትም። ቢደበድበው ቢደበድበው ችካሉ ተጣመመ። በመጨረሻ ውሃ የተሞሉ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካኖች ከየቤቱ ለምኖ ገመዱን በነሱ አሰረ። ልጆች ውስጡ ገብተው እየጮኹ ነው። ጥበቃው ራቅ ብሎ ቆሞ ያያል፤ ለማን ሪፖርት እንደሚያደርግ ግራ ገብቶታል። ይኼኔ አራተኛ ፎቅ ያሉት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በደረጃው ግድግዳውን ተደግፈው ወረዱ። ከበረንዳቸው የድንኳን ጫፍ ብቻ ነው የታያቸው።

«ምነው ልጄ፣ ማን ነው?» አሉት ድምፃቸው እየተቆራረጠ።

«ኧረ ማንም አልሞተም እማማ! ለመዝናኛ ነው።»

እማማ ድንኳኑን ዞረው አዩት፣ ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ጎንበስ ብለው ውስጡን ተመለከቱ። «ታዲያ የእድራችን ድንኳን እያለ ይቺን ምን አስገዛህ?» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተመለሱ።

እማማ ሳያውቁት ዋናውን ነገር ተናግረዋል። የጎሮ ሰው ሎጁ ሳይመጣ በፊትም የድንኳን ማኅበር አባል ነው። በየወሩ ይከፍላል፤ በምላሹ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስትና ከሁሉም በላይ ሰው ያገኛል። ይህን አባልነቱን ደግሞ እንዴት እንደሚጠብቀው! ባለፈው እድሩ ወርሃዊ መዋጮ ሃያ ብር ይጨመር ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ የጎልድ ካርዱ ጎረቤቴ እጁን አውጥቶ ሒሳቡ ይመርመር አለ፤ የድንኳኑ ማጠቢያ ደረሰኝ የት አለ አለ፤ የጠፉት ሁለት ጭልፋዎች ይተኩ አለ። ገንዘብ ያዡን ላብ በላብ አደረጋቸው። ስብሰባው እስከ ምሳ ሰዓት ሄደ፤ ጭማሪው ወደ አስር ብር ወረደ። ይኸው ሰው ነው የሎጁን አራት ገጽ ውል በቆመበት፣ የሻጯን ጉልበት ጠረጴዛ አድርጎ የፈረመው።

ሁለቱ አባልነቶች የሚለያዩበት ቦታ ቅጣቱ ላይ ነው። ለቅሶ ላይ ካልተገኘህ እድር ይቀጣሃል፤ ደጋግመህ ከቀረህ ስምህን ያነብብብሃል። ሎጁ ግን ስትቀር ምንም አይልም። ለምን ይላል? ውሃህን አልተጠቀምክም፣ ፎጣህን አላቆሸሽክም፣ ቁርስህን አልበላህም። እድር ስትቀር ይቆጣል፤ ሎጅ ስትቀር ይተርፈዋል። ካርድ ያላቸው ሁሉ ለጥምቀት ማግስት አብረው ቢነሱ መትከያው ቀርቶ መቆሚያ እንደማይገኝ ካርዱን የሸጠው ሰው ጠንቅቆ ያውቃል። የሚተማመነው በኛ ማኅበራዊ ኑሮ ነው፤ እስካሁንም አላሳፈርነውም።

ካርዱ ዋጋ የሚያወጣለት ሰው የለም አልልም። ሥራው ቢሾፍቱ ሆኖ ማክሰኞ ከሥራ መልስ የሚዋኝ አለ፤ ልጆቹ አድገው የወጡለት፣ ሐኪም ዋና ያዘዘለት ጡረተኛ አለ። እነሱ ጎልዱንም ፕላቲኒየሙንም ይግዙ፤ ፎጣውም ይድረሳቸው። ድንኳን ውስጥ ማደር ብቻ ለሚያምረው ግን አገሩ ያለ ዓመት ውል ክፍት ነው። እንጦጦ ፓርክ ከመስከረም 2013 ጀምሮ እዚሁ ራስጌያችን አለ። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ተተከለ የሚባልለት የመናገሻ ሱባ ደን ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው፤ ለጎሮ ሰው ከተማውን ማቋረጥ ነው ጉዞው። ጨከን ላለ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ከዓለም ቅርስ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት አንዱ ሆኖ የተመዘገበው ስሜን አለ፤ ሳንካበር፣ ግጭና ጨነቅ ላይ ድንኳን የሚተክል ሰው የሚከፍለው ለሚያድርበት ሌሊት ነው። የረር ተራራማ ከኛ በረንዳ ይታያል፤ እስካሁን ማየት አላስከፈለም።

ጎረቤቴ ካርዱን ገዝቶ መንፈቅ አልፎታል። አንድ ጊዜ ሄደዋል። ረቡዕ ነበር፤ ቁርሱን ሳይነኩት መጡ።

እናንተ ግን ወረቀቱ እጃችሁ ከገባ የዓመቱን ክፍያ በመጪው ዓመት ዕቅዳችሁ አታካፍሉት፤ ባለፈው ዓመት በእውነት ከቤት በወጣችሁባቸው ቅዳሜዎች አካፍሉትና ከበር ዋጋው ጋር አስተያዩት። ውሉንም «ቤት ወስጄ ላንብበው» በሉ። ቅናሹ ዛሬ ማታ ያበቃል ካሏችሁ ነገ ተመለሱ፤ ቅናሹ እዚያው ቆሞ ይጠብቃችኋል።