ፎርማት የማያድነው የለም

ጠዳ ነርስና አዋላጅ የሚሠለጥኑባት ከተማ ናት። የጤና ሳይንስ ኮሌጁ ተማሪ ታማሚውን «ምንህን ነው የሚያምህ? መቼ ጀመረህ?» ብሎ ሳይጠይቅ እጁን ወደ መርፌ እንዳይሰድ ገና ከጅምሩ ይማራል። መልካም ትምህርት ነው፤ ለሰው። ያው ተማሪ አዲሱ ላፕቶፑ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ድርግም ሲልበት ግን ደብተሩን ይዘጋል፣ ሚኒባስ ይሳፈራል፣ አዘዞን አልፎ ጎንደር ይገባል። ጥገና ቤቱ ደጃፍ እንደ ደረሰም ጠያቂና መርማሪ ሳይጠብቅ መድኃኒቱን ራሱ ያዛል፦ «ፎርማት አድርግልኝ።»

ምን ጥፋት አለበት? ፎርማት እኮ የማያድነው የለም። ላፕቶፕ ሲዘገይ ፎርማት፣ ድምፅ ሲጠፋ ፎርማት፣ ዋይፋይ አልይዝ ሲል ፎርማት። ኪቦርዱ ላይ ሻይ የደፋ ሰው እንኳ «ለማንኛውም አንዴ ፎርማት እናድርገው» ሲባል ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ ሁለገብ መድኃኒት በእጃችን እያለ ምርመራ የሚሉት ነገር የሥራ ፈት ጨዋታ ነው።

ሰማያዊው ስክሪን ግን ያሳዝናል። ለመሰማት ያልሞከረው የለም። እ.ኤ.አ. በ1993 በዊንዶውስ ኤንቲ ሲመጣ ነጭ የቁጥርና የፊደል ጋጋታ ነበር፤ ማን አንብቦት! በ2012 በዊንዶውስ 8 ጊዜ ሰው ያዝንለት እንደሆነ ተብሎ የከፋው ፊት ተሳለበት። በ2016 በስልክ የሚነበብ ኪውአር ኮድ ተጨመረለት። በ2025 ደግሞ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11 ላይ ቀለሙን ለውጦ ጥቁር አደረገው። መጀመሪያ ፊቱን አጨፈገገ፣ ቀጥሎ ከል ለበሰ፤ ከዚህ በላይ ምን ብሎ ይንገረን? እኛ ደግሞ ገና ፐርሰንቱን መቁጠር ሲጀምር ማጥፊያውን ተጭነን አፉን እንዘጋዋለን። ያ ፐርሰንት የአደጋውን መረጃ ዲስኩ ላይ እየጻፈ መሆኑ ለማን ይጠቅማል?

ከታች በትንሹ የምትጻፈውን መስመር ማንበብማ ጭራሽ ነውር ነው። «ሜሞሪ ማኔጅመንት» ካለ ራሙን ጠርጥሩ ማለቱ ነው። «ዊያ አንኮሬክተብል ኤረር» ካለ ነገሩ ከሃርድዌሩ ዘንድ ነው፤ ከፕሮሰሰሩ፣ ከሙቀቱ ወይም ከኃይል አቅርቦቱ። «ወት ፌይልድ» ብሎ የፋይል ስም ከጠራ ብዙውን ጊዜ የሚጠራው አንድ ድራይቨር ነው፤ የዋይፋዩን ወይም የግራፊክሱን። ይህ ሁሉ ቃል ሲ ድራይቭ ውስጥ፣ ዊንዶውስ የሚለው ፎልደር ሥር፣ ሚኒደምፕ በሚባል ቦታ ከነቀኑ ይቀመጣል። ፎርማት ጠራርጎ ከሚያጠፋቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ምስክር ከሌለ ክስ የለም፤ ክስ ከሌለ ሰላም ነው።

ወደ ሥርዓቱ እንግባ። ጠጋኙ «ኢንጂነር» ይባላል። ኢንጂነሩ ከቁልፍ መያዣው ጋር የታሰረች ፍላሽ አለችው፤ ክዳኗ ከጠፋ ቆይቷል፣ ወገቧ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ዘንድሮ ከካርቶን የወጣም ሆነ የሦስት ባለቤት ጉልበት የፈጀ ላፕቶፕ የሚጫንለት ከዚያችው ፍላሽ ነው። አዲሱ ላይ ስትሰካ ግን ዲስኩ አይታያትም። ኢንቴል ፕሮሰሰር ባላቸው ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስኩ ቪኤምዲ በሚባል መቆጣጠሪያ ሥር ስለሆነ የራሱን ድራይቨር ይፈልጋል፤ ድራይቨሩም ከአምራቹ በነጻ ይወርዳል። ማን ያወርዳል? ኢንጂነሩ ባዮስ ገብቶ ቪኤምዲውን ይዘጋዋል። ዲስኩ ታየ፣ እልል! ከፋብሪካው የመጣው፣ ቁልፉ ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው፣ ባለቤቱ ከላፕቶፑ ጋር ዋጋውን የከፈለበት ሕጋዊ ዊንዶውስ 11 ይደመሰስና፣ ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉን ያቆመለት ዊንዶውስ 10 ይተካል፤ ያውም ክራክ። አክቲቬተሩ እንዳይያዝ መጀመሪያ አንቲቫይረሱ ይጠፋል። ሲያልቅ ደግሞ «ቫይረስ እንዳይገባብህ» ተብሎ ሌላ አንቲቫይረስ ይጫናል። እሱም ክራክ።

ደግሞም ይሠራል! ላፕቶፑ ሰሞኑን ጸጥ ይላል፤ ባዶ ነዋ። ራሙ ላይ የተበላሸች አንዲት ቦታ ብትኖር ሰማያዊው የሚመጣው ሥራ በዝቶ ያቺ ቦታ ስትነካ ነው፤ ምንም ያልተጫነበት ማሽን ደግሞ እዚያ ድረስ የሚያዘልቀው ጉዳይ የለውም። የመመረቂያ ጽሑፉ ተመልሶ ሲከፈት፣ ክሮም ታቡን ሲደረድር፣ ከጎን ዘፈን ሲጀመር፣ ያ የምናውቀው ሰማያዊ ከች። የመመረቂያ ጽሑፉ ሲከፈት ያልኩት ሌላ ቦታ ለተቀመጠለት ነው። ዴስክቶፑ ላይ ብቻ ከነበረማ አብሮ ተፈውሷል።

በዚህ መሀል ቀኑ ይሄዳል። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። የሱቆቻችን ግድግዳ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ሁለቱን ያስታረቀ ሽማግሌ ፎርማት ነው። የመጀመሪያው ፎርማት አንድ ሳምንት ይበላል፣ ሁለተኛው ሌላ ሳምንት። በአሥራ ስድስተኛው ቀን አዋጁና ግድግዳው አንድ ቃል ይናገራሉ። ነጋዴው «ፎርማት አስደርገህ ሞክረኸዋል?» የሚለው ለደንበኛው ተጨንቆ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

የውጭዎቹ በዚህ ነገር ኋላ ቀር ናቸው። ሚያዝያ 12 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ በእኛ የፋሲካ ማግስት፣ ቢል ጌትስ ቺካጎ ላይ ዊንዶውስ 98ን ሲያሳይ ረዳቱ ስካነር ቢሰካ ሰማያዊው በአደባባይ ወጣ። ጌትስ ቀልዶ አለፈ፤ ከታዳሚው አንድ እንኳ «ፎርማት አድርገው» ብሎ የጮኸ የለም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለ የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ የላከው የተበላሸ ማሻሻያ፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮችን ጣለ። በረራ ተሰረዘ፣ የባንክ አገልግሎት ተቋረጠ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አስተላለፉ። (ሁለቱም በ12 መዋላቸውን ልብ ያለ ሰው ላፕቶፑን ከመክፈቱ በፊት ሚካኤልን ቢሳለም አይከፋም።) እና እነዚያ ምስኪኖች ምን አደረጉ? የወደቀውን ማሽን በሴፍ ሞድ አስነስተው፣ ጥፋተኛዋን ፋይል ፈልገው አጠፉ። አንዲት ፋይል! የኛን ኢንጂነሮች ቢያስጠሩ ኖሮ 8.5 ሚሊዮን ፎርማት ይሠራ ነበር፤ የሚገባውን የውጭ ምንዛሪ አስቡት።

ግትሮች አሁንም ይመክራሉ። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ድራይቨሩን ከአምራቹ አውርዱ፤ ራም የሚመረምረውን ሜምቴስትን ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። ሌሊቱን! ፎርማት በአንድ ማኪያቶ ጊዜ እያለቀ ማን ሌሊቱን ይጠብቃል?

ይሁን እንጂ ሁሉን በኢንጂነሩ ላይ መጫን ግፍ ነው። አንድ ቀን አንዱ ተሳስቶ መረመረ። ላፕቶፑ በሬ ተሸጦ የተገዛ ነው፤ አባት ከልጃቸው ጋር ከጠዳ ይዘውት መጥተዋል። ጎረምሳው ኢንጂነር ሚኒደምፑን ከፈተ፣ አንድ ዓይነት ኮድ ተደጋግሞ አየ፣ ክዳኑን እንኳ ሳይፈታ የዊንዶውሱን ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ አስነሳና ሻይ አዘዘ። ሻዩ ሳያልቅ ስክሪኑ የሃርድዌር ችግር መገኘቱን ጻፈ።

«ጋሼ፣ ዊንዶውሱ ደኅና ነው፣ አልነካውም። ራሙ ነው። ቀንዎ ሳያልፍ ሱቁ ይቀይርልዎት» አለና የምርመራውን ጠየቀ።

«የምኑን?»

«የሥራዬን ነዋ፣ ጋሼ።»

«ምን ሠራህና? ተቀምጠህ ሻይ ጠጣህ። ሰማያዊውንማ እኛም ቤታችን አይተነዋል!»

ልጅቱ በጆሯቸው አንድ ነገር ሹክ አለቻቸው። ላፕቶፑን አቅፈው ወጡና ቀጥሎ ካለው ጥገና ቤት ገቡ። እዚያ ያለው ኢንጂነር ምንም ሳይጠይቅ ፍላሹን ከኪሱ አወጣ፤ ሲጨርስ የጠራውንም ሒሳብ ሳይከራከሩ ከፍለውት፣ መርቀውት ሄዱ።