«ሌሊት ትተኛልሻለች?»

ደረጃ ላይ የማገኛት ጎረቤት፣ የቢሮ ጓደኛዬ፣ ከክፍለ ሀገር የምትደውል አክስቴ፣ ሁሉም ከሰላምታው ቀጥለው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። አትተኛም። ልጄ አራት ወር ሆኗታል፤ በአንድ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ትነሣለች። ይህን ስናገር ሰዎች የሚያዩኝ አስተያየት ሰልችቶኛል። አንድ ነገር ያጎደልኩባት ይመስላቸዋል።

ከዚያ ምክሩ ይከተላል። አንዷ «ወተትሽ አላጠገባትም፣ የላም ወተት አቅጥነሽ ስጫት» ትላለች። ሌላዋ የአብሽ ውሃ፣ ሌላዋ ቅቤ። እስከ 6 ወር ድረስ ከጡት በቀር ውሃም እንደማይሰጥ በእርግዝና ክትትሉም በክትባቱም ጊዜ ስንሰማው ከርመናል። እምቢ ስል ግን ትዕቢተኛ እባላለሁ።

ሕፃን ቀንና ሌሊትን ለይቶ አይወለድም። ያንን እስኪለምድ ወራት ይፈጅበታል፤ ሆዱ ትንሽ ናት፣ የጡት ወተትም ቶሎ ይፈጫል፣ ስለዚህ ይርበዋል፣ ይነቃል። የእኔዋ ይህን ሁሉ አልፋ ሳትነቃ አምስት ሰዓት ያህል መተኛት ጀምራ ነበር። ልክ ያኔ ሥራ ገባሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ነው፤ አለቀ። አሁን ቀን ከእናቴ ጋር ስትውል አልቤ በጡጦ የተውኩላትን ወተት ቀመስ አድርጋ ትተወዋለች፤ ሌሊት እኔን ስታገኝ የቀኑን ሁሉ ትጠባለች። ናፍቃኝ እኮ ነው። ለአባቷ ሕጉ የሰጠው 3 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ «እሱ ጠዋት ሥራ አለበት፣ ይተኛ» ይሉኛል። እኔም ጠዋት ሥራ አለብኝ።

የማውቀውን ሁሉ አደርጋለሁ። ጠዋት እናቴ ፀሐይ ታሞቃታለች። ማታ ገላዋን አጥቤ፣ መብራቱን አደብዝዤ፣ እሹሩሩ እያልኩ አጠባታለሁ፤ በጀርባዋ አስተኝቼ ብርድ ልብሱን ከፊቷ አርቃለሁ። ሌሊት ስትነቃም አላዋራትም፣ አላጫውታትም፣ ጨለማ ውስጥ አጥብቼ እመልሳታለሁ። ግን ይህ ሁሉ ጸጥታ ይፈልጋል፤ ጸጥታ ደግሞ በእኔ እጅ አይደለም።

ትናንት ማታ አራት ሰዓት ላይ የቀሚሴን አንገት በጣቶቿ ጨብጣ ተኛችልኝ። ትንፋሿ እስኪረጋ ጠበቅሁ፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቅኩ፤ ክንዴን ከሥሯ ቀስ እያልኩ ሳብኩ። ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል። ልክ ክንዴ ሲወጣ ከላይ ፎቅ ዘነዘናው ሙቀጫው ላይ አረፈ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሁለት እጆቿ ተወርውረው ተዘረጉ፣ ዓይኗ ተከፈተ፣ ከዚያ ለቅሶ። የኮንዶሚኒየም ወለል ምን ያህል ድምፅ እንደሚያሳልፍ ሁላችንም እናውቃለን። ቡናው ቀን ቢወቀጥ ምን ነበረበት? ሥሩ ጨርቅ ቢነጠፍለትስ?

ከታች ያለው ግሮሰሪ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ እስከ ስድስት ሰዓት ያጮኸዋል። በብሎክ ስብሰባ ላይ አነሣሁት፤ «ልጅ ያለው ይታገሣል» ተባልኩ። ደግሞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ «ልጅቷን ሳላይ አልሄድም» ብሎ የተኛችውን አንሥቶ የሚስም እንግዳ አለ። ፍቅሩን አውቃለሁ፣ ፊቴን ማጥቆርም አልችልም። ግን እሱ ስሞ ይሄዳል፤ እስከ ስምንት ሰዓት ይዣት የምዞረው እኔ ነኝ።

ዛሬ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንገቴ ሥር ተሸጉጣ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እንደዚያ የከበደ እንቅልፍ ሌሊቱን ሙሉ አላየሁባትም። ለታክሲ ሰልፍ መነሣት ነበረብኝ። ለእናቴ አቀበልኳትና ጫማዬን በእጄ ይዤ በባዶ እግሬ እስከ በሩ ሄድኩ። ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ ከግቢው በር ላይ «ቆራሌው!» የሚለውን ጩኸት ሰማሁ።