ሴት ናት ወንድ?

ከአዋላጅ ቀጥሎ የሕፃንን ጾታ አጥብቆ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር የመጫወቻ ሱቅ ሻጭ ነው። «ለሦስት ዓመት ልጅ የሚሆን ነገር ፈልጌ ነበር» ትላላችሁ። ዕድሜው አልተሰማም፣ ወይም ተሰምቶ ተንቋል። «ሴት ናት ወንድ?»

ሴት ናት ካላችሁ ወደ ቀኝ ነው፤ ሮዝ ምድጃ፣ ሮዝ ካውያ፣ ሮዝ ሲኒ ከነረከቦቱ፣ ሲያስተኟት ዓይኗን የምትጨፍን አሻንጉሊት። ወንድ ነው ካላችሁ ወደ ግራ፤ መኪና፣ ሽጉጥ፣ የቤቱን ሰው ሁሉ የሚያሳብድ ሳይረን። መሃል ላይ ኳስና የሳሙና አረፋ መንፊያ ተቀምጠዋል፤ ገለልተኛ ቀጠና መሆኑ ነው።

የእህቴ ልጅ ሴት ናት፤ አልክድም። ግን ይቺ ልጅ ፊት ለፊታቸው የሚሠራውን ፎቅ ሳታይ ቁርስ አትበላም። ሲሚንቶ ማቡኪያው ሲዞር አብራ ትዞራለች። አሸዋ የጫነ መኪና ሲመጣ እንደ እንግዳ በር ላይ ቆማ ትቀበለዋለች። ስለዚህ ገልባጭ መኪና ጠየቅሁ። ሻጯ በሐዘኔታ አየችኝና «ጋሼ፣ እሱ እኮ የወንድ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታም «ሮዝ መኪና ከፈለጉ አለ፤ ግን አይገለብጥም።»

እስቲ ስለዚህ ሮዝ እናውራ። በ1918 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ የሕፃናት ልብስ ነጋዴዎች መጽሔት፣ ሮዝ ጠንከር ያለ ቀለም ስለሆነ ለወንድ፣ ሰማያዊ ግን ለስለስ ስለሚል ለሴት ይሁን ብሎ መክሮ ነበር። በእኛ 1910 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ንግሥት ዘውዲቱ ዙፋን ላይ ሳሉ። የእኛ ሰው ያኔ ቀለም አላስጨነቀውም፤ ሕፃን ነጭ ለብሶ ክርስትና ይነሳል፣ በቃ። የምንለየው በቀን ነው፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80። ቀለሙ የደረሰን ፈረንጆቹ ሐሳባቸውን ገልብጠው ከጨረሱ በኋላ ነው፣ በኮንቴይነር።

የድሮው ይሻል ነበር የሚል ወግ ግን ከእኔ አትጠብቁ። የሽቦ መኪናውን በቆርኪ ጎማ የምንነዳው እኛ ወንዶቹ ነበርን፤ ሱዚ የሚዘሉት እነሱ። እቃቃ ስንጫወትማ ሴቶቹ ጭቃውን አቡክተው፣ ቅጠሉን ከትፈው፣ ሕፃኑን አዝለው ሲዋከቡ፣ አባት የተባለው ልጅ ሥራው ከአጥሩ ጀርባ ሄዶ መቆም ነበር። ትንሽ ቆሞ ይመጣና «ከሥራ መጣሁ» ይላል። እንጀራው ይቀርብለታል። እኔ ብዙ ጊዜ አባት ነበርኩ፤ ጎበዝ ቋሚ ነበርኩ።

ደግሞስ ምድጃና መርፌ የሴት ነው ያለው ማነው? መርካቶ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ሲረግጥ የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ ማን ነው? ሽሮ ሜዳ መወርወሪያውን የሚወረውረውስ? በየትልልቁ ሆቴል ነጭ ቆብ ደፍቶ ወጥ የሚቀምሰውስ? ደመወዝ ሲቆረጥለት ምድጃም ጾታውን ይቀይራል።

ወደ ገልባጩ ልመለስ። ያ ልጅቷ የምታየው ፎቅ ላይ ባሬላ ተሸክመው የሚወጡት እነማን መሰሏችሁ? ሱሪ ላይ ቀሚስ ደርበው፣ ሻሽ አስረው፣ የተቦካ ሲሚንቶና ድንጋይ ይዘው በባሕር ዛፍ መወጣጫ የሚንጠላጠሉት ሴቶች ናቸው። አንድ ሰው መንገድ ላይ አስቁሟቸው «ይሄ እኮ የወንድ ነው» ሲል ሰምቼ አላውቅም። እውነተኛውን ድንጋይ ሲሸከሙ ዝም፣ የፕላስቲኳን መኪና ሲነኩ ነውር! የአንዷን ሴት ወገብ የሚሰብር ሥራ ማንም ሳይከለክላት፣ የሌላዋ መጫወቻ ላይ ዘብ ይቆማል። ይሄ ሞኝነት አይደለም፣ ድፍረት ነው። ደሜ ፈላ።

ሻጯ ግን ምን ታድርግ? ካርቶኑ ላይ የወንድ ልጅ ሥዕል ታትሞ ነው የመጣው፤ መደርደሪያውን የደረደረው አሠሪዋ ነው። አንዷ አክስት ነገ «ለሴት ልጅ መኪና ሰጣችሁኝ» ብላ ይዛ ስትመለስ የምትጨቃጨቀውም እሷው ናት። አመስግኜ ወጣሁ። አረፋ መንፊያ ገዛሁ፣ ባዶ እጄን እንዳልወጣ።

አሁን የሰፈራችን አናጢ ትንሽ ባሬላ ሊሠራልኝ ተስማምቷል። ስንጥር እንዳይወጋት መያዣውን በደንብ ላግልኝ ስለው ሳቀብኝ። ችግሩ፣ ባሬላ ለብቻ አይያዝም፤ ከፊትና ከኋላ ሰው ይፈልጋል። የጎረቤት ልጅ አለ፣ አራት ዓመቱ ነው፣ ፈቃደኛም ነው፤ እናቱ ግን ልብሱ ሲቆሽሽ አትወድም። እህቴ ደግሞ ደውላ ምን ሊሸከሙበት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሳሎኔ ድንጋይ አይገባም ብላለች። ሽንኩርት ብዬ አስቤ ነበር። ግን በዚህ የሽንኩርት ዋጋ ማን ለልጅ መጫወቻ ይሰጣል?