የታንኳ የቁም ተዝካር

ሰው በሕይወት ሳለ ተዝካሩን ሲያበላ፣ የቁም ተዝካር አወጣ ይባላል። ባሕር ዳር ላይ ለታንኳም እንዲሁ ይውጣለት ባይ ነኝ። የሐይቅ ዳር ፌስቲቫል የሚሉት ይኸው ስለሆነ የቀረን ስሙን ማስተካከል ብቻ ነው።

ድንኳንና ባነር አይጠፋም። ድምፅ ማጉያው ግን ከበድ ያለ ይሁን፤ ስለ ብዝኃ ሕይወት የሚደረገው ንግግር የጣና ወፎችን እንዳያመልጣቸው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ መመዝገቡ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይነገር። የውሃ ጠርሙሱ ሐይቁ ውስጥ የሚጣለው ከንግግሩ በኋላ ነው፤ መርሐ ግብር ይከበር እንጂ።

ቀጥሎ ቀዘፋ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቅፋት አለ። ታንኳ የሚታሰረው ከደንገል ነው፤ ደንገል የሚወደው ደግሞ ረግረጋማውን ዳርቻ፣ ማለትም ሎጅ የሚያምርበትን ቦታ ነው። ቢሆንም ከሩቅ ታጭዶ ይምጣ። ታንኳ በአይሱዙ ተጭኖ ሐይቁን ሊጎበኝ ሲመጣ ማየት በራሱ ትርኢት ነው። በዚያ ቀን ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ወደ ገበያ የሚቀዝፍ ሰው ከመጣ ግን ፀጥታ አስከባሪው ይመልሰው። የታንኳ በዓል እየተከበረ በታንኳ ማን ያልፋል?

ነገደ ወይጦዎችም አይቅሩ። አያቶቻቸው በዚህ ውሃ ጉማሬ እያደኑ ኖሩ፤ ጎረቤት ደግሞ ጉማሬ በሉ ብሎ ከማዕዳቸው ራቀ። ከተማዋ ስትሰፋ ዳርቻው ለሌላ ታጨ። ዛሬ ግን «ባህላችን» ሆነዋል፤ ማዕረግ ነው። አንድ አባት መድረኩ ሥር ቁጭ ብለው ደንገል ይሰሩ፣ እንግዶችም አጠገባቸው እየቆሙ ፎቶ ይነሡ። ምሳ ሲቀርብ የት እንደሚያስቀምጧቸው አስተናጋጆቹ አይጠፋቸውም።

ምሳው ዓሣ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን! ለዚህም በዓሉ መስከረም ላይ ቢውል ይመረጣል። ነጭ ዓሣው ሊራባ ወደ ጉማራና ርብ ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ነው፤ ከእነ እንቁላሉ ይገኛል። የሚመጣው ዓመት ምሳ የሚመጣው ዓመት ኮሚቴ ጉዳይ ነው።

ለመድረኩ ማስጌጫ ከአበባ ነጋዴ ጋር መከራከር አያስፈልግም። እምቦጭ የሚሉት አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ ስንነቅለው የተነሣነው ፎቶ ከእሱ ጋር በብዛት ሊፎካከር ምንም አልቀረው፤ እሱ ግን ሐምራዊ አበባውን እንደያዘ ነው። እንደ ደንገሉ ከሩቅ ማስመጣትም አያስፈልግም።

ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ቀዛፊ ሲመለስ ዳር አውጥቶ ያቆመዋል፤ ፀሐይ ያደርቀዋል። ማቆሚያው ስለታጠረ የበዓሉ ታንኳዎች በማግሥቱ ሆቴል በር ላይ ይቁሙ፤ አፈር ሞልቶ አበባ ቢተከልባቸውም ያምራል። ያ አባትም የቀን አበላቸውን ፈርመው ተቀብለው በባጃጅ ወደ ቤታቸው ይሸኙ። በዳርቻው በእግር እንዳይሄዱ አጥሩ አያሳልፍም።