ዳገትና ሰበብ፦ የእሑድ ጠዋት ሳይክለኛ ጥናት

የተራራ ሳይክል ውድድር ማለት አንድ ጤነኛ ሰው ገንዘብ ከፍሎ፣ መሪው ላይ ቁጥር አስሮ፣ በሰላም አገር ዳገት የሚወጣበት ሥርዓት ነው። በዚያው ዳገት ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጡ የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ እናቶች አሉ። እነሱ ከቁመታቸው የሚረዝም የባሕር ዛፍ ጭራሮ ጀርባቸው ላይ አስረው ወደ ሽሮ ሜዳ ይወርዳሉ፤ ጥቂትም ብትሆን ለድካማቸው ገንዘብ ያገኛሉ። ሳይክለኛው ከፍሎ ይወጣል፣ እናቶቹ ሊከፈላቸው ይወርዳሉ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ተያይተው ይተላለፋሉ። ከሁለቱ ማን ለማን እንደሚያዝን እስከ ዛሬ ያጠና የለም፤ የዚህ ጥናት አቅራቢ ግን የራሱ ግምት አለው።

ስለ አሸናፊዎች ብዙ ተጽፏል። አሸናፊ ግን ለምርምር የሚሰጠው ነገር ትንሽ ነው፤ ይቀድማል፣ ውሃውን ይጠጣል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኛ የምናተኩረው ከእሱ ኋላ በሚመጣው ሰፊ ሕዝብ ላይ ነው፦ ከአርባ ዓመት ወዲህ ሆዱን የታዘበ የባንክ ሠራተኛ፣ ጓደኛው ስለተመዘገበ የተመዘገበ መምህር፣ «እኔ ለጤናዬ ነው» እያለ የጎረቤቱን ባት በዓይኑ የሚለካ ነጋዴ። ይህ ሰው እንደማያሸንፍ ያውቃል። እኛም እናውቃለን። ታዲያ ለምን ይወዳደራል? መላ ምታችን አጭር ነው፦ ለምን እንዳልቀደመ ለማስረዳት ነው የሚወዳደረው። ውድድሩ የጥሬ ዕቃ መሰብሰቢያ ነው፤ ዋናው ሥራ የሚጀመረው ከውድድሩ በኋላ፣ ቡና ላይ ነው።

ስፖርቱ ሲወለድ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ፣ ታማልፓይስ የሚባለው ተራራ አካባቢ፣ የተወሰኑ ጎረምሶች ባለ ወፍራም ጎማ አሮጌ ሳይክሎቻቸውን በጭነት መኪና ወደ ላይ እያወጡ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የአቧራ ቁልቁለት መሽቀዳደም ጀመሩ። ውድድሩን ሪፓክ፣ «እንደገና መሙላት»፣ አሉት። ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዘው የኋላ ፍሬን ታች እስኪደርሱ ድረስ ግሪሱ በግለት ጤሶ ያልቅ ስለነበር በየጊዜው እንደገና መሞላት ነበረበትና። የጋሪ ፊሸር ክብረ ወሰን 4 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ነው። አንባቢ ልብ ይበል፦ መሥራቾቹ ዳገቱን ለመኪናው ትተውለት ነበር። በኋላ ግን ካምቢዮ ተገጠመ፤ ካምቢዮው ሲገጠም ደግሞ «እንግዲያማ ዳገቱንም በሳይክሉ እንውጣው» ያለ ሰው ተገኘ። የዚህን ሰው ስም የሚናገር የለም። ለደኅንነቱ ሲባል ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1990 በኮሎራዶ ዱራንጎ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ሲካሄድ፣ በ1996ም ስፖርቱ በአትላንታ ኦሊምፒክ ሲገባ፣ ዳገቱ ርስቱን ይዞ ተቀምጦ ነበር። በአትላንታ በወንዶች ያሸነፈው ባርት ብሬንትየንስ ሆላንዳዊ ነው። ተራራ የሌላት አገር ልጅ በተራራ ሳይክል ወርቅ መውሰዱ፣ ተራራ ላይ ተወልዶ ተራራ ላይ ላደገው ተወዳዳሪያችን በቀላሉ የሚዋጥ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ አያነሣውም። የሚያነሣው ሌላ ነው፦ ኢትዮጵያ ኦሊምፒክን በተቀላቀለችበት በሜልቦርን፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባ በሳይክል መሰለፋቸውን፤ ጽጋቡ ግርማይም በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን። እነዚህን ስሞች «እኛ እኮ» ብሎ ጀምሮ ይጠራቸዋል። የሚጠራቸውም ዳገቱ ሳይጀመር ነው፤ ከተጀመረ በኋላ ትንፋሽ የለም።

ወደ ዕቃው እንምጣ፤ ሰበብ የሚመረተው እዚያ ነው። ከመርካቶ የተገዛ ያገለገለ ሳይክል ለባለቤቱ የማይነጥፍ ሀብት ነው። ካቴናው ይወልቃል፣ ፍሬኑ ይጮኻል፣ ቸርኬው ይጣመማል፣ ካላማዳሪያው በእሾህ ይበሳል። ባለቤቱ ሃያኛም ይውጣ ሰባኛ፣ ጥፋቱ የብረቱ ነው። ጎሚስታውም ምስክርነቱን አይነፍግም፤ «በዚህ ሳይክል መድረስዎም ትልቅ ነገር ነው» ብሎ ሂሳቡን ይቀበላል። ይህ ሰው ማታ በሰላም ይተኛል።

መከራው የሚመጣው ትንሽ ገንዘብ ያገኘ ዕለት ነው። መጀመሪያ የሚገዛው 100 ሚሊ ሜትር እየሰመጠ የሚነሣ የፊት ሹካ ነው፤ «መንገዱ ክንዴን ገነጠለው» የሚለው ሰበብ በዚያው ተቀበረ። ቀጥሎ 29 ኢንች ጎማ ይመጣል፤ «ድንጋዩ ያዘኝ» ሞተ። ከዚያ ካላማዳሪያ የሌለው፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ቀዳዳውን ራሱ የሚደፍንለት ጎማ ይገጠማል፤ ለስንት ትውልድ ሳይክለኛ መከታ የነበረው እሾህ ከሥራ ውጭ ሆነ። ከፊት አንድ፣ ከኋላ 12 ማርሽ ያለው ካምቢዮ ሲታሰር፣ ከኋላ ያለው ትልቁ ማርሽ የእንጀራ ሰሐን ያክላልና «ማርሹ ከበደኝ» ማለት ያሳፍራል። በመጨረሻ ሳይክሉ ራሱ ካርቦን ይሆናል፤ በአንድ ጣት ይነሣል። አሁን በሰውየውና በእውነቱ መካከል የቆመ ብረት የለም። ያለው እግሩ ብቻ ነው።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን ሕግ እናቀርባለን፦ የሳይክሉ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የባለቤቱ ሰበብ ከብረት ወደ ሥጋ፣ ከሥጋም ወደ መንፈስ ይሸጋገራል።

ከሥጋ ሰበቦች መካከል በክብር የሚቀድመው «ብርድ መታኝ» ነው፤ የሚያረጋግጠው ሐኪም የለም፣ የሚክደው ዘመድም የለም። ወገብ፣ ጉልበት፣ የትናንቱ ሠርግ ይከተላሉ። ፆም ግን ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን ያላነሰ በሚፆምበት አገር ውድድሩና ፆሙ መገናኘታቸው አይቀርም። «በሽሮ ጉልበት ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል?» ይባላል። ፆሙ ሲፈታ ደግሞ «የትናንቱ ዶሮ ከበደኝ» ይባላል። ስለዚህ ፆም ሲገባም ሲወጣም የሚያገለግል ነው፤ ሌላ ሰበብ ይህን አያደርግም። አንድ ችግር ብቻ አለበት፦ በዚያው ዳገት፣ በዚያው ፆም፣ ባዶ ሆዳቸውን ልምምድ የወጡ ሯጮች ሳይክለኛውን በእግራቸው ያልፉታል። ሲያልፉትም ጨዋ ናቸውና «አይዞህ» ይሉታል። በዚህ ጥናት ውስጥ ከተመዘገቡት ቁስሎች ከዚህ የጠለቀ የለም።

የመንፈስ ሰበቦች አለቃ ዓይን ነው። ጎረቤት አዲሱን ሳይክል አይቶ «ወይ ማማሩ!» ብሎ፣ «እግዜር ይጠብቀው» ሳይል አልፏል። የዚያን ዕለት ተወዳዳሪው ወድቋል። በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት ለሁሉም ግልጽ ስለሆነ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ውድድሩ ራሱ ረጅም መግለጫ አይሻም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እየተባለም፣ ፊሽካው ሊነፋ ሲል ፓምፕ የሚለምን፣ ኮርቻውን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ፣ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ የሚጠይቅ አይጠፋም። የመጀመሪያዎቹ መቶ ሜትሮች ላይ ሁሉም ይበራል፤ መጥኖ መደቆስ የሚባል ምክር እዚህ ቦታ ደርሶ አያውቅም። ከዚያ ዳገቱ ይመጣል። የእንጦጦ ጫፍ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል፣ ሳንባም በዚያው ልክ ይከስራል። ስስ አየር ለሳይክለኛ በጎ ጎን እንዳለው ፊዚክስ ይመሰክራል፤ ፊት ለፊት የሚገፋው አየር ይቀልለታል። ይህ ጥቅም ግን በአህያ ፍጥነት ለሚሄድ ሰው አይደርሰውም። አህያ ያልነው ለስድብ አይደለም፤ አህያዋ እዚያው ጎኑ ናት፣ ጭነትም አለባት፣ ቁጥር ግን አላሰረችም።

ጫፉ ላይ ሲደርስ የሰውየው ጠባይ ይለወጣል። ሲወጣ ሕይወትን ሲመረምር የነበረው ፈላስፋ ቁልቁለቱን ሲያይ ጎረምሳ ይሆናል። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ ጎርፍ የቦረቦረው መሬት፣ ያፈጠጠ የባሕር ዛፍ ሥር፣ ከላዩ የሚያንሸራትት ቅጠል። ከመጀመሪያው መንሸራተት በኋላ ሁለቱንም ፍሬን ጨምድዶ፣ ጸሎት እያሳጠረ ይወርዳል፤ ፍሬኑ እንደ ጥንቱ ግሪስ ቢኖረው ጭሱ ከፒያሳ ይታይ ነበር። ብዙዎች የዕለቱን ከፍተኛ ፍጥነታቸውን የሚያስመዘግቡት ግን ቁልቁለቱ ላይ አይደለም፤ ውሻ የተነሣባቸው ቦታ ነው።

የዓለም አቀፉ የሳይክል ፌዴሬሽን ደንብ ኋላ ለቀረ ሰው ርኅራኄ አለው። ከመሪው የመጀመሪያ ዙር ጊዜ በ80 በመቶ የዘገየ ተወዳዳሪ ከውድድሩ እንዲወጣ ይደረጋል፤ በኦሊምፒክም ቢሆን በዙር የተደረበ ሰው ይቆማል። ውርደቱ ባጭሩ ይቀጫል ማለት ነው። የሰፈር ውድድር ይህን ምሕረት አያውቅም፤ ሁሉም እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ከመጨረሻው ሰው ኋላ የመንገድ ምልክት የሆነውን ሪባን ከየዛፉ እየፈታ የሚመጣ ወጣት አለ። ወጣቱ በእግሩ ነው። ብዙ ጊዜ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ከዚያ በኋላ አዘጋጆቹ ምድብ ይከፋፍላሉ፦ ከአርባ በላይ፣ ከአርባ በላይ ሆነው አዲስ የገቡ፣ በተከራዩት ሳይክል የተወዳደሩ። ምድብ በበቂ መጠን ከተሸነሸነ ሦስተኛ የማይወጣ ሰው የለም። ተወዳዳሪው ሜዳሊያውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ባለቤቱ «ስንተኛ ወጣህ?» ትለዋለች። «አንቺ ስንት ሰው እንደነበረ ብታይ!» ይላታል። እሷ የጠየቀችው ይህን አልነበረም፤ እሱም ያውቃል። ቡናው ይፈላል፤ ብረት፣ ሥጋና መንፈስ በየተራቸው ይቀርባሉ።

ይህ ሁሉ ምርት ግን አንድ ጠላት አለው፤ እሱም የመንገድ ዳር ተመልካች ነው። ዳገቱ መሃል ላይ ቆሞ «አይዞዎት ጋሼ፣ ደርሰዋል! እዚችጋ ናት!» ይላል። ባላገር መንገደኛን ያጽናናበት የነበረው ይህ ልማድ በጎ ነው፤ ነገር ግን የቀረው ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፣ ሁሉም ዳገት። የተነገረውን ያመነ ተወዳዳሪ ያለውን ጉልበት እዚያው ይጨርሳል፤ ከዚያ ከሌላ ዛፍ ሥር ሌላ ሰው ተነሥቶ «ደርሰዋል» ይለዋል። በኋላ «ተመልካቹ ዋሸኝ» ቢል የሚያምነው የለም። እውነተኛ ሰበቡ ይህ ብቻ ሆኖ ሳለ የማያገለግለውም ይኸው ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በአንዱ እሑድ እንጦጦ ሽርሽር ወጥተው ሳይክሉን እየገፋ የሚያቃስት ሰው ቢያዩ «ደርሰዋል» አይበሉት። የቀረውን ኪሎ ሜትር የሚያውቁ ከሆነ በቁጥር ይንገሩት፤ ካላወቁ «በርታ» ብለው ዝም ይበሉ። ሳይክሉን ግን አይግፉለት፤ በደንቡ ክልክል ነው።