በሽታው ቀጠሮ ይያዝ

ለፎገራ የደም ግፊትና የስኳር ሕመምተኞች አንድ ምክር አለኝ፦ በሽታችሁን ሥርዓት አስተምሩት። እስካሁን ባሻው ቀን ሲነሣ ዝም ብላችሁ አይታችሁታል። ከእንግዲህ ግን መድኃኒት ሲገባ እንዲነሣ፣ መድኃኒት ሲያልቅ እንዲተኛ አስለምዱት። ኪኒኑን በጊዜው ማድረስ ካልተቻለ፣ የቀረው መላ በሽታውን ማዘግየት ነው።

ፎገራ ለሙከራ እንግዳ አይደለችም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስቱ አንዷ እሷ ነበረች፤ ሌሎቹ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ናቸው። ስለዚህ የፎገራ ገበሬ በመድን አባልነት አንጋፋ ነው። ሩዙን አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ሸጦ መዋጮውን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ሲታመም ደግሞ ኪሱን ሳይነካ ይታከማል። የተገባለት ቃል ይህ ነበር።

ቃሉም ከሞላ ጎደል ተጠብቋል። የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ወረፋ በነፃ ነው። አግዳሚ ወንበሩም በነፃ ነው። ግፊቱ ይለካለታል፣ «ጨምሯል» ይባላል፤ ለዚህም አይከፍልም። ማዘዣው ይጻፍለታል፤ ወረቀቱ እንኳ ነፃ ነው። የሚከፈልበት ነገር ቢኖር ኪኒኑ ብቻ ነው።

«አባቴ፣ ይኼኛው አልቋል፤ ከውጭ ይግዙት።»

«መቼ ይገባል ልጄ?»

«ተጠይቋል።»

ማን ጠየቀ፣ ማን ተጠየቀ የሚለውን ማወቅ መድኑ ከሚሸፍናቸው አገልግሎቶች ውስጥ የለም።

«ከውጭ» ማለት ወረታ አስፋልት ዳር ያለው የግል መድኃኒት ቤት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እዚያ ዋጋ መጠየቅ ራሱ ግፊት ከፍ ያደርጋል። ከናበጋ ወይም ከዋገጠራ ለመጣ ሰው ደግሞ ክረምቱ አለ፤ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ውኃ ሲያለብሱት ያን ውኃ አቋርጦ የመጣው ለአንድ ወር ኪኒን ነው። ወረታ ከጠፋ ደብረ ታቦር አለ፣ ባሕር ዳር አለ፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ። አዲስ አበቤው ቢያንስ ከአንዱ ከነማ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው ከነማ፣ ከዚያም ወደ ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት እየዞረ ተስፋውን ያረዝማል፤ የወረታው ተስፋ ግን አንድ አስፋልት ነው።

የመድኃኒት አቅርቦት መመሪያውን ያነበበ ሰው በዚህ ሁሉ ይገረማል። ጤና ጣቢያ በየሁለት ወሩ ሪፖርትና ጥያቄ ይልካል። ክምችቱ ከአራት ወር ፍጆታ እንዳይበልጥ፣ ከሁለት ወርም እንዳያንስ ተደንግጓል። የሁለት ሳምንት ብቻ ሲቀር አስቸኳይ ጥያቄ ይጻፋል። እንግዲህ በመመሪያው መሠረት መድኃኒቱ አላለቀም። ጥፋቱ የሕመምተኛው ነው፤ መመሪያው ወዳለበት ቢሮ መሄድ ሲገባው መደርደሪያው ወዳለበት መጣ።

ተጠያቂ ልፈልግ ያለ ሰው ጥሩ ሽርሽር ይጠብቀዋል። የጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት ወደ ወረዳው ይጠቁማል፣ ወረዳው ወደ መንግሥት መድኃኒት አቅራቢው ቅርንጫፍ፣ ቅርንጫፉ ወደ አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ ወደ ውጭ ምንዛሪ። በመሐል «መድኑ ለጤና ጣቢያው በጊዜ አልከፈለም፣ ጤና ጣቢያውም የአቅራቢው ዕዳ አለበት» የሚል ይገኛል። ከዚህ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ ክፍያውን በጊዜው ያጠናቀቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

ፎገራ በወተት ላሟ የታወቀች አገር ናት። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት ግን መድን እስኪመጣ ድረስ በራሷ ላይ አልሞከረችውም።

«አይቻልም» እንዳይባል ደግሞ አንድ የማያመች ማስረጃ አለ። በኢትዮጵያ ከፈረንጆቹ 2017 ጀምሮ፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለና የጤናቸው ሁኔታ የተረጋጋ ወገኖች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲወስዱ የሚያደርግ አሠራር አለ። ደግ ሥራ ነው፤ ምልልሱን ቀንሶላቸዋል። ታዲያ የግፊት ኪኒን ምን ቢበድል ነው በ30 ቀን የሚሰፈረው፣ እሱም ሲገኝ? ልዩነቱ ቀላል ነው። የዚያኛው ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው በለጋሾች ነው፤ «አልቋል» ቢባል ባሕር ማዶ ሆኖ የሚቆጣ አለ። የግፊቱን ግን የከፈለው ገበሬው ራሱ ነው። የገዛ ገንዘቡን ለከፈለ ሰው ማን ይቆጣለታል?

ግፊት ደግሞ ጨዋ በሽታ ነው። ኪኒኑ ቢቋረጥበት አይጮኽም፣ አቤቱታ አያስገባም። ዝም ብሎ ይቆይና አንድ ቀን የሰውየውን ግማሽ ጎን ይዞ ይሄዳል። ያኔ ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው «ስትሮክ» ነው እንጂ «ተጠይቋል» አይደለም።

እንግዲህ በሽታው አልሠለጥንም ካለ ሁለተኛ ሐሳብ አለኝ። መዋጮ ሰብሳቢዎቹ በር ሲያንኳኩ ገበሬው ጤና ጣቢያ የቀሰመውን ትሕትና ያሳያቸው፦ «ገንዘቡ አልቋል፤ ተጠይቋል። ለጊዜው ከውጭ ፈልጉ። ከሁለት ወር በኋላ ማዘዣችሁን ይዛችሁ ብቅ በሉ፤ ከገባ እንሰጣችኋለን።»

ለባዶው መደርደሪያ ያልተጠራው ስብሰባ በዚያው ሳምንት ይጠራል። የስብሰባው አበልም አልቋል አይባልም።